ዝግባ በውሃ ቀለም

«ማሚ በናትሽ! ጋሼን ይዤው ሄጄ፣ ሰው ማነው ሲለኝ ምን ልበል? ታፔላ ጻፊው አጎቴ ነው ልበል?»

ይህን የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ተናጋሪዋ የወንድሜ የኃይለገብርኤል ልጅ መርሃዊት ናት። ሻይ የምትጠጣው ከራስጌዬ በአንድ ኮምፔርሳቶ ማዶ ስለሆነ ስኳሩን ስታማስል እንኳ ማንኪያዋ ይሰማኛል። ኮምፔርሳቶውን የቸነከርኩት ራሴ ነኝ። አምና ካዛንቺስ የነበረችኝ ቤት ከነሱቋ ስትፈርስ፣ ወንድሜ ቂርቆስ ካለው የቀበሌ ቤቱ ሳሎን ላይ አንድ አልጋ የሚያዘረጋ ቦታ ቆርሶ ሰጠኝ፤ ሲሰጠኝም «ለጊዜው ነው እንግዲህ» የምትለዋን ነገር ደጋግሞ ነው የተናገራት። በዚህች ክፍል ውስጥ ሰው የሚያወራውን ላለመስማት ጆሮን መድፈን ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የምደፍንበት ምክንያት አልታየኝም። ነገሩን ያነሳችው እናትየዋ ሸዋአየሁ ነበረች። «ይሄን ሁሉ ዕቃ ብቻሽን ከምትጎትቺ ጋሽ መዝገቡን ይዘሽው ሂጂ፤ እሱም ቤት ተጎልቶ ከሚውል ሰው ያያል» አለቻት። ለእኔ አዝና እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ስትወለውል እግሬ ያስቸግራታል፣ ሌላ አይደለም።

«ማለቴ፣ ሰዎቹ ለምን እንደሚመጡ አልገባሽም» አለች ልጅቷ። «እኔ የማስተምረው ዛፍን ለቀቅ አድርጎ መሳል ነው። በቃ፣ ውሃው ራሱ እንዲስል መተው። እሱ ዛፍ ሲስል አይተሽው የለም? ቅጠሉን አንድ በአንድ ነው እኮ የሚለጥፈው። ዛፍ አይደለም፣ የጎመን መደብ ነው!» ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሸዋአየሁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቀስ በይ፣ ይሰማል» አለች። «ተኝቷል» አለች ልጅቷ።

የከነከነኝ ጎመኑ አይደለም። ታፔላ ጻፊ መባልም ስድብ አይደለም። ከባምቢስ እስከ ወሎ ሰፈር የስንቱን ሥጋ ቤት በሬ፣ የስንቱን ጸጉር ቤት ጎፈሬ፣ የስንቱን ጁስ ቤት ማንጎ በእጄ ስያለሁ፤ የኮምፒውተር ባነር መጥቶ እንጀራዬን እስኪዘጋው ድረስ ሰው ወረፋ ይዞ ነበር የሚያሠራኝ። የከነከነኝ «ምን ልበል?» ማለቷ ነው። ይህች ልጅ ስትድህ ጀምሮ በቀለም ቆርቆሮዬ ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው። ለእጇ እንዲመች ብዬ የደህና ብሩሽ እጀታ በመጋዝ ያሳጠርኩላት እኔ ነኝ። አሁን ግን በስልኳ በምትለቀው ቪዲዮ ላይ «ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴን ያስተማርኩት ከዩቲዩብ ነው» እያለች ትናገራለች፤ ቪዲዮውን ደስ ይለዋል ብላ ያሳየችኝ የጎረቤት ልጅ ናት። አባቷም ያው ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ቀለም ስበጠብጥ እሱ ተማረ፤ ሲመረቅ ቤተሰቡ በተነሳው ፎቶ ላይ የለሁም፤ ካሜራውን ያስያዙት እኔን ነበራ። ስለዚህ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ወሰንኩ። እንደማንም ሰው ከፍዬ እገባለሁ፣ ፊቷ እቀመጣለሁ፣ ያኔ ሰው እያየ «አጎቴ ነው» ትላለች። ሌላ ምንም አልፈለግሁም፤ እሷ አፍ አውጥታ እንድትለው ብቻ።

እስክትወጣ ጠብቄ ተነሳሁ። ሸዋአየሁ ሻይ ቀዳችልኝ፣ ዳቦውንም ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እንቅልፍ ጥሩ ነበር?» አለች። ጥሩ ነበር አልኳት። ከዚያ በኋላ እሷ መጥረጊያዋን ስትፈልግ እኔ የሻዩን ቅጠል ስመለከት ቆየን፤ እኔና እሷ ስናወራ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ንጹሕ ሸሚዜን ስለብስ «ወዴት ነው?» አለችኝ፣ «ስታዲየም፣ ሰው አለኝ» አልኳት። ኪሴ ውስጥ የትናንት ብር ነበር። ከሥራ የቀረኝ የመቃብር መስቀል ላይ ስም መጻፍ ነው፤ ሟች ባነር አያዝም፣ ተመስገን። በታክሲ ስታዲየም ወርጄ፣ ለሁለተኛ ታክሲ ሃያ ብር ከማወጣ ብዬ በባምቢስ በኩል ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ። ካዛንቺስ ስደርስ የት ጋ እንደቆምኩ ለማወቅ ዞር ዞር ማለት ነበረብኝ። የእግረኛው መንገድ እንደ ሳሎን ተወልውሏል፤ ቀጫጭን ዘንባባ ተተክሏል፤ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ሱቄ የነበረችበት ቦታ ሣር ሆኗል፤ ሣሩ ላይ «ሣሩን አይርገጡ» የሚል ቆርቆሮ ቆሟል። ፊደሎቹ የኮምፒውተር ናቸው፣ እንደ ታክሲ የኋላ ወንበር ተሳፋሪ እርስ በርስ ተገፋፍተዋል። ከድሮው ሰፈር ሳይነካ የቀረው አንድ ዝግባ ነው፤ ከሱቄ ጀርባ የነበረው ግቢ ዛፍ። ቤቱንም፣ አጥሩንም፣ ሰውንም አንስተው እሱን ለጥላ ተዉት።

በቪዲዮዋ እንዳየሁት፣ የምታስተምርበት ካፌ ከዝግባው ፊት ለፊት ባለው አዲስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ጸጉሩን የጠቀለለ ኤርሚ የሚባል ልጅ ስልኩን ይዞ ቆሟል፤ ካፌው የእሱ እንደሆነ ያወቅሁት ቁልፉን በጣቱ ሲያሽከረክር አይቼ ነው።

«ፋዘር፣ ሰው ፈልገው ነው?»

«ዛፍ ልማር ነው የመጣሁት።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ሬጅስትሬሽኑ በኦንላይን ነበር… ችግር የለም፣ አንድ ቦታ አለ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ነው። ወረቀት፣ ቀለም፣ ማኪያቶ ጨምሮ።»

«ማኪያቶው ቢቀርብኝስ?»

«ፋዘር አራዳ!» ብሎ ሳቀ፤ ግን አልቀነሰልኝም።

ስገባ መርሃዊት ጀርባዋን ሰጥታ ወረቀት በጣውላ ላይ በፕላስተር እያጣበቀች ነበር። ዞር ስትል አየችኝ። ፕላስተሩ እጇ ላይ ቀረ። በመስኮቱ ጥግ ባሉት ጠረጴዛዎች ዙሪያ ሰባት ስምንት ሰው ተቀምጧል፤ የቢሮ ልጆች፣ ሁለት ፍቅረኛሞች፣ ቦርሳቸው ከሱቄ ኪራይ የሚበልጥ ሴቶች። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። እሷ ፕላስተሩን በጥርሷ በጠስ አደረገችና «እንኳን ደህና መጡ አባባ፤ እዚያ ጋ ቦታ አለ» አለችኝ። አባባ የሚባለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ታክሲ ውስጥ ቦታ የሚለቀቅለት፣ ባንክ በር ላይ ወንበር የሚፈለግለት የማንም ያልሆነ ሽማግሌ ነው። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «ጋሼ» እና «አንተ» ነው የምትለኝ። እኔም «እሺ መምህርት፣ ያክብርልኝ» ብዬ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ከውሰር የምትባል ሴት ነበረች፤ ባምቢስ የድስትና የሰሃን ሱቅ አላት፣ ሂጃቧ ላይ ገና ከጅምሩ አረንጓዴ ቀለም ፈንጥቆባታል። «ልጄ ናት የከፈለችልኝ» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ደም ግፊትሽ ይወርዳል አለችኝ። ጋሼ ይሙቱ፣ ይኸው ወረቀቱን ሳበላሽ እንደውም ጨመረ!» ጋሼ ያለችኝ እሷ ናት፤ ካየችኝ ሩብ ሰዓት ያልሞላት ሴት።

መርሃዊት ማስተማር ጀመረች። እርሳስ አንጠቀምም አለች። ሰፊ ብሩሽ ውሃ ነክራ ወረቀቷን አረጠበችና በመስኮቱ ወደ ዝግባው አመለከተችን። «ዓይናችሁን አጥብባችሁ እዩት። ቅጠል ይታያችኋል? አይታይም። የሚታየው ብርሃንና ጥላ ነው። ቅጠል የሚባለውን ነገር ዛሬ እርሱት።» ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ጠብ ስታደርግበት ቀለሙ በእርጥቡ ወረቀት ላይ ተበተነ። ሳይደርቅ ጠቆር ያለውን ከሥሩ ጨመረችበት፤ እዚህም እዚያም ሰማይ የሚገባበት ነጭ ቀዳዳ ተወች፤ ቅርንጫፎቹን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ብቻ ጫር ጫር አደረገች። ሁለተኛውን ብሩሽ በጥርሷ ነክሳ ጣውላውን በሁለት እጇ ዘንበል ስታደርገው፣ አረንጓዴው ነፋስ እንደመታው ወደ አንድ ጎን ሄደ። ልዋሽ አልችልም፣ ዝግባው ነበር። አንድ ቅጠል የለበትም፣ ግን እሱ ራሱ ነው፤ ስንት ክረምት ጥላው ሥር ቀለም ስበጠብጥ የኖርኩበትን ዛፍ አልስተውም። ይህን ደግሞ ያስተማርኳት እኔ አልነበርኩም። ማን እንዳስተማራትም አላውቅም። ይኼኛው ከጠዋቱ ሳቅ የባሰ አናደደኝ።

የእኔ እጅ እንደዚያ አይታዘዝም። ለታፔላ ጻፊ ቀለም መፍሰስ ማለት ውርደት ነው፤ አንዲት ጠብታ ከወረደች በጨርቅ ትጠርጋለህ፣ ካልጠረግህ ባለሱቁ ዋጋ ይቀንስብሃል። እዚህ ግን ይፍሰስ ይባላል። ትንሿን ብሩሽ ይዤ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ እንደለመድኩት ከቅርንጫፉ ጫፍ ጀምሬ ቅጠል መደርደር ጀመርኩ። ወረቀቱ ርጥብ ነዋ! አንዱን ቅጠል ሳስቀምጥ የቀደመው ይሟሟል፤ እሱን ላድን ስል ሌላው ይሄዳል። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ላይ ተበጠበጠ።

«ጋሼ» አለች ከውሰር አንገቷን አስግጋ፣ «የእርስዎ ደግሞ ጎመን ክትፎ ሆነ!»

የሰሙት ሁሉ ሳቁ። ከውሰር በክፋት አልነበረም፣ የራሷም ከእኔ አይሻልም፤ ግን ጎመን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይከብዳል። መርሃዊት መጣችና ቆመች። «አባባ፣ እያጨናነቁት ነው። እጅዎን ይልቀቁት» አለች። «እጄ እንዲህ ነው መምህርት» አልኳት። ወረቀቱን ነቅላ አዲስ አጣበቀችልኝ። ስታጣብቅ ፕላስተሩን ከመሃል ወደ ጫፍ በአውራ ጣቷ ነው የምታሸው፤ እኔም እንዲሁ ነው የማሸው። ሁለታችንም አየነው። ከዚያ ወደ ፍቅረኛሞቹ ሄደች።

ሁለተኛውን የሠራሁት በንዴት ነው። ትልቁን ብሩሽ አንስቼ ወረቀቱን አጠብኩት፣ አረንጓዴውን እንደ ቆሻሻ ውሃ ደፋሁበት፣ ጥቁሩን አከልኩበት፣ ብሩሹን በጥርሴ ነክሼ ጣውላውን አዘነበልኩት፤ የፈለገው ይሁን አልኩ። ከታች ያለውን የወረቀቱን ሢሶ ግን ውሃ አላስነካሁትም። አስቤበት አይደለም። ታፔላ ላይ ከሥዕሉ በታች ስልክ ቁጥር ይገባል፤ ዕድሜ ልኬን ያችን ቦታ ትቼ ነው የምስለው፣ እጄ እዚያ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ዝግባዬ ግንዱ መሬት ሳይነካ ነጭ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይህቺንም አበላሸኋት ብዬ ብሩሼን ሳጥብ መርሃዊት ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። ከዚያ ጣውላውን ብድግ አድርጋ ለሁሉም አሳየች።

«ይህን ተመልከቱልኝ» አለች። ድምጿ የመምህርት ድምፅ አልነበረም፣ ድንገት ደስ ሲለው እንደሚናገር ሰው ነበር። «ሁላችንም ከሥር መሬት፣ ሣር፣ መንገድ ሞላን። እሳቸው ተዉት። ዛፉ ከብርሃን ውስጥ የወጣ ነው የሚመስለው። መሳል ቀላል ነው፤ መተው ነው ድፍረት የሚጠይቀው።»

ድፍረት! የስልክ ቁጥር ቦታ ነው ብዬ ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን አጨበጨቡ። ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ ታፔላ ሲሰቀል ባለሱቁ ራቅ ብሎ ያይና «ትንሽ ጠማማ አልሆነም?» ነው የሚለው። ኤርሚ ስልኩን ደቅኖ «ፋዘር ቀወጠው!» ይላል። አንዷ ባለቦርሳ መጥታ ከሥዕሉ ጋር ፎቶ ተነሳች። ከውሰር ግን ሥዕሉን አላየችም፤ አንዴ እኔን አንዴ መርሃዊትን ነበር የምታየው፤ ድስት ስትሸጥ ስንጥቅ እንደምትፈልግ።

«ቆይ ቆይ» አለች። «እናንተ ትዛመዳላችሁ እንዴ? ከሁላችን ብሩሹን እንደ ፈረስ ልጓም በጥርሱ አግድም የያዘ የለም። እሷና እርስዎ ብቻ ናችሁ። አሁን ሳይ ደግሞ አፍንጫውም አንድ ነው!»

መርሃዊት ጣውላውን በሁለት እጇ ለመያዝ ብሩሿን መልሳ በጥርሷ ነክሳው ነበር። አወጣችው። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ የማኪያቶው ማሽን ብቻ ይጮሃል። እኔን አየችኝ። በልጅነቷ ቀለም ደፍታብኝ እንደምታየኝ ነው ያየችኝ፤ ልትናገርም ልታለቅስም የምትችል ዓይነት። ከዚያ «አጎቴ ነው» አለች። «የአባቴ ታላቅ ወንድም። ብሩሽ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ይኸው፣ የፈለግሁት መጣ። ከጠዋት ጀምሬ ስጠብቀው የነበረው ቃል ሳይጎድል፣ እንዲያውም ተጨምሮበት ተነገረ። በር ላይ ብትለው ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ግን በር ላይ አባባ ነበርኩ፤ አጎት የሆንኩት ከጭብጨባው በኋላ ነው። የወንድሜ ምርቃት፣ ኮምፔርሳቶው፣ «ተኝቷል» ያለችው ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝና ቃሉ ሳላስበው ወጣ።

«ተሳስተዋል መምህርት» አልኩ። «ከሰው አመሳስለውኝ ነው። እኔ እርስዎን የማውቅዎት ዛሬ ነው።»

«አይ ጋሼ፣ ቀልደኛ ነዎት» አለች ከውሰር፤ ለመሳቅ ተዘጋጅታ ፊቴን አየችና ተወችው። ኤርሚ ስልኩን ዝቅ አደረገ። መርሃዊት ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ጣውላውን ቀስ ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፣ እንዳይነካካ ማዕዘኑን አስተካከለችው፣ «ይቅርታ አባባ፣ መስሎኝ ነው» አለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄዳ ስለ ጥላ ማስረዳት ጀመረች፤ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ ነበር የምታስረዳው። ማኪያቶዬ መጣ፣ የከፈልኩበት ስለሆነ ጠጣሁት። ስወጣ ከውሰር ደረጃው ድረስ ተከትላኝ «ጋሼ፣ ሥዕልዎን ረሱት!» አለች። ለልጅሽ ውሰጂላት አልኳት። ልትቀበለኝ አልፈለገችም፣ ግን እኔ ወርጄ ነበር።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስከ ባምቢስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ደህና አድርጌ ነገርኳት፣ ሰው ፊት መካድ ምን እንደሆነ ትቅመሰው፣ እያልኩ። ባምቢስን አልፌ ስታዲየም ስወርድ ግን ልጅቷ ለካስ አልካደችም ነበር የሚል ነገር መጣብኝ፤ ዘግይታ ነው እንጂ ብላዋለች። የካድኩት እኔ ነኝ። ይህን ሐሳብ እንደመጣ ለመመለስ አንድ ጀበና ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የማላውቃቸው ሰዎች ስለ ኳስ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ከዚያ መሸት ሲል ቤት ገባሁ። ሸዋአየሁ «ሰውየውን አገኘኸው?» አለችኝ። አገኘሁት አልኳት።

እራት ላይ አራታችንም ነበርን። ምስር ወጥ ነው፤ ሸዋአየሁ ምስር ኪሎው ስንት እንደገባ እየተናገረች አቀረበችው። መርሃዊት እጇን ታጥባ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው። ጥፍሯ ሥር አረንጓዴ ቀለም ቀርቷል። የእኔም እንደዚያው ነው፤ እጄን ከጠረጴዛው በታች አደረግሁት። ኃይለገብርኤል ዜና እያየ «እንዴት ነበር ትምህርቱ?» አላት።

«ጥሩ ነበር።»

«ሰው መጣ?»

«መጣ።»

«ከምናውቀው ሰው አለበት?» አለች ሸዋአየሁ፣ ወጥ እየጨመረች።

መርሃዊት እንጀራውን ጠቀለለች። ጊዜ ነበረኝ። እሷም ጊዜ ሰጥታኛለች፤ ጉርሻውን ወደ አፏ ሳትወስድ እጇ ላይ ይዛው ቆይታለች። «እኔ ነበርኩ» ብል የሚያልቅ ነገር ነበር። ዓይኔን ከትሪው አላነሳሁም።

«የለም» አለች። «አንድ ሰው መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቼ ነው።»

ኃይለገብርኤል ድምፁን ጨመረ፣ ዜናው የመንገድ ግንባታ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ምነው፣ ብላ እንጂ» አለኝ። በላሁ።